ስለ እርሻ በሬ ጡንቻ መጐዳትና መዳን

ክቡራን ሹማምንት እንደሚያውቁት፥ በአቃቂ ቃሊቲ ዙሪያ ያለው መረሬ መሬት ዝናም ሲጠግብ ማረሻውን ይይዛል፤ የሚጐትተውም በሬ ጫንቃውና ታፋው ይጐዳል። አንዱ በሬ ይድናል፤ ሌላው ግን ጡንቻው ጠባሳ ይሆንና ከእርሻ ይወጣል።

ምክንያቱ ተመርምሯል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 አሌክሳንደር ማውሮ የተባለ ሊቅ በእንቍራሪት የጡንቻ ክር ላይ ተጠግታ የተቀመጠች ታናሽ ሕዋስ አገኘ፤ በበሬም ሥጋ ይህችው አለች። ጡንቻው ሲጐዳ ይህች ግንደ ሕዋስ ነቅታ ትባዛለች፥ አዲስ ሥጋም ትሠራለች። ነገር ግን ክሮቹን እንደ ሸማ ድር የሚያያይዘው፥ ኮላጅንና ላሚኒን ያለበት መረብ ካልተመቻት ሥራዋ ይሰናከላል። በ2010 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በተደረገው ምርመራ፥ የአይጥ ግንደ ሕዋሳት እንደ ጡንቻ በለሰለሰ ነገር ላይ ሲያድሩ ኀይላቸውን ጠበቁ፤ በደረቅ ፕላስቲክ ላይ ግን አጡት። ጉዳት ሲደጋገምም መረቡ ወፍሮ ይደርቃል፤ ጠባሳ የምንለው ይኸው ነው።

ስለዚህ የተጐዳውን በሬ «ዝናሙ ሳያመልጠን» ብሎ በማግሥቱ መጥመድ በሬውን ማጥፋት ነው። ጥቂት ቀን አሳርፎ፥ ከዚያ ያለ ቀንበር ቀስ በቀስ ማራመድ ይገባል፤ ጨርሶ አስሮ ማቆየትም አይበጅም። እስከዚያ ድረስ ደኅነኛው በሬ ከጎረቤት በሬ ጋራ በመቀናጆ ይጠመድ ዘንድ የአጥቢያው ሹም ጎረቤታሞቹን ያስማማ።