ክር፥ ድንጋይና ሰዓት
ለፊዚክስ ውድድር ለሚዘጋጅ ተማሪ

ኢሉባቦርን የሚያውቅ ሰው ቡሬን ያውቃታል። ከጎሬ ተነሥቶ ወደ ጋምቤላ ለሚወርድ መንገደኛ የከፍታው አገር መጨረሻ በር እርስዋ ናት። በቀድሞ ዘመን የአገሩ ቡና በበቅሎ ተጭኖ በዚሁ በኩል ይወርድና ከባሮ ወንዝ ወደብ በመርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር።

በዚህች ከተማ የሚማር ልጅ ለፊዚክስ ውድድር ልዘጋጅ ቢል፥ «የተሟላ ቤተ ሙከራ ሳይኖረኝ ከአዲስ አበባ ልጆች ጋር እንዴት እወዳደራለሁ?» የሚል ሐሳብ ልቡን ሊያደክመው ይችላል። ሐሳቡ ግማሽ እውነት ነው፤ እኛ ግን ስለ ሌላው ግማሽ እንነጋገር።

ዓለም አቀፉ የፊዚክስ ኦሊምፒያድ በ1959 ዓ.ም. በዋርሶ ሲጀመር የተካፈሉት አምስት አገሮች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ፈተናው በሁለት ይከፈላል፤ አምስት ሰዓት የጽሑፍ ጥያቄ፥ አምስት ሰዓት ደግሞ የእጅ ሙከራ። ከ50 ነጥብ 20ው የሙከራው ነው። እንግዲህ ቀመር ብቻ የሸመደደ ተማሪ 20 ነጥብ ከደጅ ጥሎ ይገባል ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ድንጋይ በክር አንጠልጥሉ። ከማሰሪያው እስከ ድንጋዩ መካከል አንድ ሜትር ይሁን። በጥቂቱ ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። አንዱ ደርሶ መልስ ሁለት ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ሰዓቱን የምትጫነው ጣት በ0.2 ሴኮንድ ብትሳሳት፥ በአንዱ ደርሶ መልስ ላይ ስሕተቱ ከመቶ 10 ይሆናል፤ ሃያውን በአንድነት ብትለኩ ግን ከመቶ ግማሽ ብቻ ነው። ከዚያም በመጽሐፋችሁ ባለው ቀመር የመሬትን ስበት አስሉ። ወደ 9.8 ከተጠጋ መልካም ነው፤ ካልተጠጋ ቍጥሩን አትደልዙ፥ ክሩን እንደገና ለኩ። ለውድድር የሚያበቃው ይህ ልማድ ነው።

የጽሑፉንም ጥያቄ ከጓዳ ጀምሩ። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ነው። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቍጥር መፍያው አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከቡሬ እስከ ጋምቤላ ቍልቍለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ የቡሬ ጀበና የሚፈላበት ሙቀት ከጋምቤላው ከሦስት ዲግሪ በላይ ያንሳል። በከፍታ ላይ ውሃውን የሚጫነው አየር ይሳሳልና። ታዲያ ባቄላ በደጋ ለመብሰል ለምን ይዘገያል? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ስትጨርሱ ብቻ መጽሐፍ ግለጡ። ያልታገላችሁበት መልስ በፈተና ቀን አይገኝም።

እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣቶች፥ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ካላችሁ ለግማሽ ሰዓት የእጅ ስልካችሁን አውሱአቸው። አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ቍጥሩን ብትመዘግቡላቸው ደግሞ ቤታችሁ ለዚያች ማታ ቤተ ሙከራ ሆነ ማለት ነው።