ስስ አየርና ሰፊ ቱቦ፦ የሆቴሎቻችን አየር እንዴት ይሰላል?

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ይልቅ የፍል ውሃን ሙቀት መምረጣቸው የታወቀ ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ የእንግዳ ማረፊያ ወደ ተራራው ተመልሷል፤ ከሥሩም በየካ ክፍለ ከተማ በርካታ ሆቴሎች አሉ። የእነዚህን ሕንጻዎች ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚያቅድ ባለሙያ በቅድሚያ ሊያስበው የሚገባው ነገር የቦታው ከፍታ ነው።

በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ወለል ላይ 1.2 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በመገናኛ 0.91፣ በ3,000 ሜትር የእንጦጦ ከፍታ ደግሞ 0.83 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ሙቀትን የሚሸከመው የአየሩ ይዘት ሳይሆን መጠነ ቁሱ በመሆኑ፣ የአየሩ መሳሳት በቀጥታ የመሸከም አቅሙን ይቀንሳል።

ለምሳሌ በአንድ የስብሰባ አዳራሽ 200 ሰዎች ተቀምጠዋል እንበል። የእያንዳንዱ ሰው ገላ በላብ ትነት የሚወጣው ሳይቆጠር 70 ዋት ያህል ሙቀት ስለሚለቅ፣ ከአዳራሹ 14 ኪሎ ዋት መወገድ አለበት። ከአዳራሹ በ8 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ አየር ለማስገባት ቢታሰብ፣ በባሕር ዳርቻዋ ጅቡቲ በሴኮንድ 1.45 ሜትር ኩብ ይበቃል። በመገናኛ 1.9፣ በእንጦጦ ደግሞ 2.1 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ከውጭ የሚመጡት የመሣሪያ ሠንጠረዦች ግን በአብዛኛው የባሕር ወለልን አየር መነሻ ያደረጉ ናቸው።

ጉድለቱን ቬንቲሌተሩን በማፍጠን እንሙላው ብንል፣ የሚፈጀው ኃይል በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ያድጋል። አየሩ ስስ በመሆኑ የሚቀለው ተቀንሶ እንኳ፣ በዚያው ቱቦ መገናኛ ላይ የሚያስፈልገው ኃይል የባሕር ወለሉን 1.7 እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ጩኸቱም ይበረታል። ትክክለኛው መፍትሔ ቱቦውን ማስፋት ነው። ይህ ግን በንድፉ ጊዜ ካልተወሰነ፣ አርማታው ከተሞላና ኮርኒሱ ከተሠራ በኋላ ቦታ አይገኝለትም።

ከፍታው ካሣም አለው። ውጭው 16 ዲግሪ፣ አዳራሹ 24 ዲግሪ በሆነበት ምሽት ያ የ8 ዲግሪ ልዩነት ያለ ማቀዝቀዣ ሞተር ከደጅ ይገኛል፤ የሚፈለገው ሰፊ የአየር መንገድ ብቻ ነው። በአንጻሩ ወደ ምዕራብ የዞረ ሰፊ የመስታወት ግድግዳ ዝቅ ያለችውን የማታ ፀሐይ ወደ ውስጥ እያስገባ፣ በተፈጥሮ ቀዝቃዛ በሆነ ከተማ የማቀዝቀዣ ወጪ ይፈጥራል።

በማሞቂያ ረገድ ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነው። በስስ አየር ውስጥ ኦክስጅኑም በዚያው ልክ ያንሳል። ለባሕር ወለል የተስተካከለ የጋዝ ማሞቂያ እንጦጦ ላይ ሲነድ ቃጠሎው ጎዶሎ ይሆንና ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ለብርዱ ሲባል በተደፈነ ክፍል ውስጥ ደግሞ ይህ ጋዝ የተኛን እንግዳ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ሆቴል የሚያሠራ ሁሉ ውል ከመፈረሙ በፊት መሐንዲሱን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ይህ ስሌት የተሠራው ለየትኛው ከፍታ አየር ነው?