በጨዋታ ዓለም የጉዞ ዋጋን መተመን፦ የዲዮቅልጥያኖስ የዋጋ አዋጅ እንደ መነሻ

የሚና ጨዋታ የሚባለው፣ ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ በመወከል፣ በአንድ የጨዋታ መሪ አስተባባሪነት ታሪክ የሚገነቡበት የጨዋታ ዓይነት ነው። ታሪኩ በጥንታዊ ዘመን ሲመሠረት፣ ገጸ ባሕርያቱ ከከተማ ወደ ከተማ ለመሄድ ስንት ይከፍላሉ የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ጥቃቅን ጉዳይ ቢመስልም፣ ማን መጓዝ እንደሚችልና የትኛው ከተማ እንደሚበለጽግ የሚወስነው መልሱ ነው።

በዚህ ረገድ የተለመደው ስሕተት የጥንቱን ሳንቲም በዛሬ ገንዘብ መመንዘር ነው። የገንዘብ የመግዛት አቅም ከዘመን ዘመን ስለሚለዋወጥ እንዲህ ያለው ምንዛሪ ትርጉም ያለው ውጤት አይሰጥም። የተሻለው መለኪያ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው፤ ይኸውም አንድ ሠራተኛ በአንድ ቀን ድካሙ ስንት ማይል መጓዝ ይችላል ብሎ መጠየቅ ነው።

ለዚህ ስሌት አመቺ የሆነው ሰነድ፣ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት በክርስቲያኖች አሳዳጅነቱ የሚታወቀው የሮማ ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ በ301 እ.ኤ.አ. ያወጣው የዋጋ አዋጅ ነው። አዋጁ ከ1,000 በላይ ለሚሆኑ ሸቀጦችና አገልግሎቶች የዋጋ ጣሪያ አስቀምጧል። በዚህም መሠረት ለአንድ መንገደኛ በማይል 2 ዲናር፣ ለሠረገላ ኪራይ 12 ዲናር፣ 1,200 የሮማ ፓውንድ ለሚጭን ጋሪ 20 ዲናር፣ 600 ፓውንድ ለተጫነ ግመል 8 ዲናር ተወስኗል። የእርሻ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ከምግቡ ሌላ 25 ዲናር ነበር።

እንግዲህ የአንድ ቀን ደመወዝ የሚያስኬደው 12.5 ማይል ብቻ ነው። በቀን 20 ማይል የሚጓዝ መንገደኛ 40 ዲናር፣ ማለትም ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ደመወዝ ይከፍላል። ድኻው በእግሩ ይሄድ የነበረበት ምክንያት ከዚህ ግልጽ ይሆናል።

የባሕሩ ስሌት ደግሞ የተለየ ገጽታ ያሳያል። በአዋጁ የስንዴ ዋጋ «የጦር ሰፈር ሞዲየስ» በተባለው መስፈሪያ 100 ዲናር ነው። የታሪክ ምሁሩ ኤ. ኤች. ኤም. ጆንስ እንዳሰሉት፣ 6,000 ዲናር የሚያወጣ አንድ ጋሪ ስንዴ 300 ማይል ሲጓዝ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ከእስክንድርያ እስከ ሮማ በመርከብ ለማጓጓዝ ግን የተወሰነው በሞዲየስ 16 ዲናር ነው። ስለዚህ ያው አንድ ጋሪ ስንዴ፣ ማለትም 60 ሞዲየስ፣ በ960 ዲናር ባሕሩን ይሻገራል፤ ይህ ገንዘብ በየብስ ጋሪውን የሚያስኬደው 48 ማይል ብቻ ነው። የባሕሩ መንገድ ከ1,000 ማይል ስለሚበልጥ፣ የመርከብ ጭነት በማይል ከጋሪ ጭነት ቢያንስ 20 ጊዜ ይረክሳል።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር፣ ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው ታዋቂ ጨዋታ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው አምስተኛ እትም በከተሞች መካከል ለሠረገላ ጉዞ በማይል 3 የመዳብ ሳንቲም፣ ለመርከብ ግን 10 የመዳብ ሳንቲም ያስከፍላል። ሙያ የሌለው ሠራተኛ በቀን 20 የመዳብ ሳንቲም ስለሚያገኝ፣ ደመወዙ በሠረገላ ወደ 7 ማይል፣ በመርከብ 2 ማይል ብቻ ያስኬደዋል። ሠረገላው ከሮማው ዘመን መጠነኛ ልዩነት ቢኖረውም፣ የየብስና የባሕር ዝምድና ግን ፈጽሞ ተገልብጧል። በእንዲህ ያለ ዓለም የወደብ ከተሞች የሚበለጽጉበት ምክንያት አይኖርም።

የአዋጁን ዝምድና ተከትሎ ዋጋውን ማረም ይቻላል። ሁለት ዲናርን ለ25 አካፍሎ በ20 ማባዛት ለሠረገላ በማይል 1.6 የመዳብ ሳንቲም ይሰጣል። ለመርከብ ደግሞ ለ10 ማይል 1 የመዳብ ሳንቲም ተቀራራቢ ግምት ነው፤ የዘመኑ መንገደኞች ስንቃቸውን ራሳቸው ይዘው በመርከቡ ወለል ላይ ያድሩ ነበርና።

ግምቱ ሁለት ጥንቃቄዎችን ይሻል። አንደኛ፣ አዋጁ የሚያሳየው መንግሥት የፈቀደውን ከፍተኛ ዋጋ እንጂ በገበያ የተከፈለውን አይደለም። ሁለተኛ፣ የባሕሩ ዋጋ የጭነት እንጂ የመንገደኛ አይደለም። በተጨማሪም ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሕሩ ለመርከብ ዝግ ይሆን ስለነበር፣ በክረምቱ ወራት መንገደኛው ወይ ውዱን የየብስ መንገድ ይመርጣል፣ ወይ ወደቡ ላይ ወራት ይጠብቃል። የጨዋታ መሪው ለገጸ ባሕርያቱ ሊያቀርብላቸው የሚገባው ምርጫም ይኸው ነው።