ማንዴላ «ይቅር ብለው ረሱ»? ተረቱና እውነታው

የተበደለ ሰው አቤት ባለ ቁጥር መልሱ የተዘጋጀ ነው፦ «ማንዴላ እንኳ 27 ዓመት ታስረው ይቅር ብለው ረሱ፤ አንተ ከማን በልጠህ ነው?» በሽምግልናው፣ በስብሰባው፣ በቴሌቪዥኑ ውይይት ይኸው ይደጋገማል። ልጁን የቀበረ አባት «ገዳዩ ማን ነው?» ብሎ ስለጠየቀ ብቻ ቂመኛ ይባላል። አባባሉን አዘውትረው የሚያነሱት ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሳቸው መጠየቅ ያለባቸው ሰዎች ናቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እምነቱ ከባዶ አልተነሳም። በ1995 (ዓመታቱና ቀናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፕሬዚዳንት ኔልሰን ማንዴላ ለረጅም እስር በዳረጋቸው የሪቮንያ ችሎት የከሰሷቸውን ዐቃቤ ሕግ ፐርሲ ዩታርን ምሳ ጋበዙ። ከአፓርታይድ (የዘር መድልዎ ሥርዓት) ዋና ቀያሾች አንዱ የነበሩትን የሄንድሪክ ፈርዉርድን ባለቤት ለመጠየቅም እስከሚኖሩበት ኦራንያ ድረስ ሄደው አብረዋቸው ሻይ ጠጡ። የነጮች መለያ ተደርጎ ይቆጠር የነበረውን የስፕሪንግቦክ ማልያ ለብሰው ለደቡብ አፍሪካ የራግቢ ቡድን ዋንጫ የሰጡትም በዚያው ዓመት ነው።

ይህ ግን የአንድ ሰው ይቅርታ ነው። አገሪቱ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነበር።

በ1995 በወጣ ሕግ፣ በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የሚመራ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ተቋቋመ። ምሕረት የሚሻ ሰው በስሙ ማመልከት፣ ድርጊቱ ፖለቲካዊ ዓላማ እንደነበረው ማሳየትና የሚያውቀውን ሳይደብቅ መናገር ነበረበት። ከባድ የሰብአዊ መብት ጥሰት የፈጸመ ደግሞ ይህን የሚያደርገው በአደባባይ፣ ብዙ ጊዜም የሟች ቤተሰብ ፊት ለፊት ተቀምጦ እያዳመጠው ነበር። ከ7,000 በላይ ሰዎች አመለከቱ፤ ምሕረት ያገኙት ከ1,200 አይበልጡም። በ1977 በፖሊስ እጅ ሳለ በደረሰበት ጉዳት የሞተው የፀረ አፓርታይድ ታጋዩ የስቲቭ ቢኮ ጉዳይ ሲታይ፣ ያመለከቱት ፖሊሶች እውነቱን አልተናገሩም ተብለው ተከለከሉ። በ1993 ሌላውን ታጋይ ክሪስ ሃኒን የገደሉትም እንዲሁ። የፖሊስ ገዳይ ቡድን አዛዥ የነበረው ዩጂን ደ ኮክ ለበርካታ ወንጀሎቹ ምሕረት ቢያገኝም፣ በ2015 በአመክሮ እስኪፈታ ከ20 ዓመት በላይ ታስሯል። ወደ 21,000 የሚጠጉ ተጎጂዎች ቃላቸውን ሰጥተዋል። ይህ ሁሉ መርሳት ከተባለ፣ ማስታወስ ምን ሊባል ነው?

ኮሚሽኑ እንከን የለሽ አልነበረም። ለዐቃቤ ሕግ ከተመሩት ወደ 300 ገደማ ጉዳዮች ፍርድ ቤት የደረሱት ጥቂት ናቸው። የቢኮ ቤተሰብና ሌሎች ተጎጂዎች «ምሕረቱ ፍትሕ ይነፍገናል» ብለው ሕጉን በመቃወም በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ተሟግተው በ1996 ተረቱ። እውነትን አግኝቶ ቅጣትን መተው ትክክለኛ ልውውጥ ነበር ወይ የሚለው ደቡብ አፍሪካውያንን ዛሬም ያከራክራል፤ ይህም ጽሑፍ አይቋጨውም። ተጎጂው ዝም ይበል የሚል አንቀጽ ግን በሕጉ ውስጥ አልነበረም።

ስለ ማንዴላ የሚነገሩት የቀሩት ተረቶች ቀለል ያሉ ናቸው።

«ማንዴላ መሣሪያ ነክተው አያውቁም።» በመጋቢት 1960 በሻርፕቪል ፖሊስ 69 ሰዎችን ከገደለና ድርጅታቸው ኤኤንሲ ከታገደ በኋላ፣ ማንዴላ በ1961 ኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌ የተባለውን የትጥቅ ክንፍ ከመሠረቱት አንዱና የመጀመሪያ አዛዡ ሆኑ። በ1985 በሥልጣን ላይ የነበሩት ፕሬዚዳንት ቦታ «የኃይል ትግልን ካወገዙ ይፈቱ» ሲሏቸውም አሻፈረኝ ብለዋል።

«ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓመታት ሠለጠኑ።» በ1962 አዲስ አበባ ኮልፌ መሠልጠናቸው እውነት ነው። ሥልጠናው ለ6 ወር ቢታሰብም ሳያልቅ ድርጅታቸው ጠራቸው፤ አገራቸው ገብተው ብዙም ሳይቆዩ በነሐሴ ተያዙ።

«27ቱንም ዓመት ሮበን ደሴት ታሰሩ።» በደሴቲቱ የቆዩት 18 ዓመት ያህል ነው። በ1982 ወደ ፖልስሙር፣ በ1988 ወደ ቪክቶር ቨርስተር ተዛውረው የካቲት 11 ቀን 1990 ከዚያ ወጡ።

እንግዲህ የማንዴላን ስም ጠርቶ «ተወው፣ እርሳው» የሚል ሰው ሲያጋጥም ጥያቄው ወደ እሱ ይመለስ፦ ሕጉ የታለ? የአደባባዩ ችሎት የታለ? ቀርቦ ያደረገውን የተናገረውስ ማን ነው?