ዜሮ ክፍልን ማን ይመራዋል?

የአምስት ዓመት ልጅ ሽንቱ ሲመጣ ደወል አይጠብቅም። መምህርቷ ብቻዋን ናት፤ ከፊቷ የተቀመጡት አርባም ሃምሳም ይሆናሉ። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ ነው፤ የተሠራውም ለስምንተኛ ክፍል ተማሪ እንጂ ለእሱ አይደለም። ልጁን ይዛ ብትሄድ ክፍሉ ያለ ሰው ይቀራል። ብቻውን ብትልከው ጉድጓዱ ያስፈራል። ቆይ ብትለው ሱሪው ላይ ያመልጠዋል፤ እናቱም በማግስቱ ከቤት ታስቀረዋለች። የትምህርት ፖሊሲ ሰነድ ስለዚህች ቅጽበት ምንም አይናገርም። በገጠር ግን ቅድመ አንደኛ ደረጃ የሚቆመውም የሚወድቀውም በእንዲህ ያለችው ቅጽበት ነው።

ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ወጥቶ የእስቴን ገጠር፣ ከዚያም አልፎ ጋይንትንና ስማዳን ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንም። ስለ ሕፃናት ትምህርት ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ብዙ ተብሏል፤ ሥርዓተ ትምህርት ተቀርጿል፣ መመሪያ ታትሟል፣ ሥልጠና ተሰጥቷል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ያለውን የሕፃናት ውሎ የሚመራው ማን እንደሆነ ግን እምብዛም አልተነገረም። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ዜሮ ክፍል ያጣው ባለቤት እንጂ መጽሐፍ አይደለም የሚል ነው።

አመጣጡን በአጭሩ እንይ። በደርግ ዘመን አጸደ ሕፃናትን በየከተማው የሚያቋቁሙት ቀበሌዎች ነበሩ፤ በገጠርም አንዳንድ የገበሬ አምራቾች ማኅበራት ሞክረውታል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለሕፃናት ትምህርት ዕውቅና ሰጠ፤ ሥራውን ግን በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶች፣ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተወው። ውጤቱን ማንም ሊገምተው ይችላል። አጸደ ሕፃናት ወርሃዊ ክፍያ መክፈል የሚችል ወላጅ ባለበት ከተማ በቀለ፤ በገጠር አልታየም። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ብሔራዊ የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ከዚያ በኋላ ነው ለስድስት ዓመት ልጆች የአንድ ዓመት ዝግጅት የሚሰጠው ዜሮ ክፍል በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ የተስፋፋው። በ2003 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የቅድመ አንደኛ ጥቅል ተሳትፎ ከመቶ 5 ገደማ ነበር፤ በ2007 ወደ 39 ደረሰ። ከዚህ ዕድገት አብዛኛው የዜሮ ክፍል ነው።

በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ዕድገት ያመጣ ሌላ የትምህርት ዘርፍ ማግኘት ያስቸግራል። ግን እንዴት ነው የተስፋፋው? ነባሩ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ለቀቀ፣ ከነበሩት መምህራን አንዷ ተመደበች፤ በዚህም ተጀመረ። የራሱ በጀት አልነበረውም። በሕፃናት ትምህርት በዲፕሎማ የሠለጠነ መምህር በማይገኝበት ቦታ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ወጣት አጭር ሥልጠና ወስዳ በትንሽ አበል "አመቻች" ተብላ ገባች። ሞግዚት የሚባል መደብ በግል አጸደ ሕፃናት እንጂ በገጠሩ ዜሮ ክፍል አልታሰበም። ርዕሰ መምህሩ የሚገመገመው በስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤትና በማቋረጥ መጠን ስለሆነ፣ ዜሮ ክፍል ፈተና የለውምና በወረዳው ሪፖርት ላይ የሚታየው የተመዘገበው ልጅ ቁጥር ብቻ ነው። ልጁ መመዝገቡ እንጂ እንዴት መዋሉ አይጠየቅም። የሦስተኛ ክፍል መምህር በቀረ ቀን የዜሮ ክፍል መምህርት ተጠርታ ትሸፍናለች። እሷ በቀረች ቀን ግን ሕፃናቱ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ይህን ስል መምህራኑን ወይም ርዕሳነ መምህራኑን ለመውቀስ አይደለም። ሰው የሚሠራው በሚጠየቅበት ነው። ጥፋቱ ማዕቀፉን ከፈረሙት ከሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ይጀምራል፤ ሦስት ባለቤት ያለው ሥራ ወረዳ ሲደርስ ለአንዱም የዕለት ተግባር ሳይሆን ይቀራል። ጎረቤት ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት የቅድመ አንደኛ ትምህርትን ለካውንቲ መንግሥታት በግልጽ ሰጠች። እዚያም ስለ ደመወዝና ስለ ቅጥር ብዙ ጭቅጭቅ አለ፤ ግን ቢያንስ ወላጁ አቤት የሚልበትን በር ያውቀዋል።

የሚገርመው ይህ አገር የሕፃናትን ውሎ ማደራጀት የማያውቅ አገር አለመሆኑ ነው። ጋይንት የቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤትና የዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት የሚገኙበት ምድር ነው፤ ከሩቅ አገር ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ የሚመጣበት። ከእነዚህ ታላላቅ ጉባኤ ቤቶች በታች ደግሞ በየደብሩ የፊደል ቤት ነበረ። የኔታ ከዋርካው ሥር ወይም ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ በዙሪያቸው ከአራትና ከአምስት ዓመት ሕፃን ጀምሮ ዳዊት እስከሚደግመው ጎረምሳ ድረስ ይሰበሰባል። መምህሩ አንድ ናቸው፤ ተማሪው እንደ ዘመኑ ሃምሳም ስልሳም ሊሆን ይችላል። ታዲያ እንዴት ይቻላል?

የሚቻለው የኔታ ብቻቸውን ስለማያስተምሩ ነው። ዳዊት የሚያነበው አቡጊዳ ላይ ያለውን ያስቀጽላል፤ አቡጊዳ የጨረሰው ሀሁ የጀመረውን ፊደል ያስቆጥራል። ሕፃኑ የሚቀመጠው ከአስቀጻዩ ጋር ነው። ፊደል የሚያስቆጥረው እሱ ነው፣ ውጭ ይዞት የሚወጣውም እሱ ነው፣ ወደ መንደር ሲመለሱ ጅረቱን የሚያሻግረውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የኔታ ደግሞ በየተራ ወደ ፊታቸው እየጠሩ የሁሉንም ይሰማሉ፣ ያርማሉ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ይወስናሉ። እያንዳንዱ ሕፃን በስም የሚያውቀው ኃላፊ ነበረው ማለት ነው። ዛሬ አስተባባሪ የምንለውን ሥራ የኔታ ጨርሰው ይሠሩት ነበር። አለንጋውን ማስመለስ የሚፈልግ የለም፤ ቃል በቃል መሸምደዱም ለአምስት ዓመት ልጅ የሚበቃ ትምህርት አይደለም። ሀሁን ወስደን ቻርት ላይ ለጠፍነው። ሰው ከሰው ጋር የተያያዘበትን አደረጃጀት ግን ትተን መጣን፤ መምህርቷንም ብቻዋን አስቀረናት።

ዩኒሴፍና ትምህርት ሚኒስቴር "ልጅ ለልጅ" ብለው የጀመሩት ፕሮግራም ይህንኑ በሌላ ስም ሞክሮታል፤ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች በመምህር ክትትል ከመንደራቸው ሕፃናት ጋር እየተጫወቱ ፊደልና ቁጥር እንዲያለማምዱ ነው። መምህር በቅርብ የሚከታተለው ከሆነ ይሠራል። ከቅርብ የሚከታተለው ከሌለ ግን አንድን ልጅ የሌላ ልጅ ሞግዚት ማድረግ ብቻ ይሆናል።

የዜሮ ክፍል አንድ ቀን ምን ምን ሥራ አለው? ጠዋት በር ላይ ልጆቹን በስም የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ሲያስለው አደረ። የጉና ብርድ በሚወርድበት ደጋ ውስጥ ልጅ ተንቀጥቅጦ ስለሚደርስ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ለትምህርት ሳይሆን ለማሟሟቅ ነው፤ መዝሙርና ሩጫ። ከዚያ እጅ መታጠብ አለ፤ ውኃው ከየት ይመጣል፣ ጀሪካኑን ማን ይሞላል? ረፋዱ ላይ ምሳ ዕቃ ይከፈታል፤ የያዘ አለ፣ ያልያዘ አለ፣ ያልያዘውን ማን ያያል? ትልልቆቹ ለዕረፍት ሲወጡና ኳስ ሲያንከባልሉ ትንንሾቹን ከእግራቸው ሥር ማን ያወጣል? ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ይመጣል። ልጁን ማን ይወስደዋል? እናት በገበያ ቀን ገበያ ናት፤ በአጨዳ ወቅት ማሳ ላይ ናት፤ ወንድሙ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ነው። ወንዝ በሞላበት ወቅት ብቻውን የተለቀቀ የስድስት ዓመት ልጅ ምን ሊገጥመው እንደሚችል ለስማዳና ለታች ጋይንት ሰው መንገር አያስፈልግም።

ከእነዚህ ሥራዎች አንዱም የመምህርነት ዲፕሎማ አይጠይቅም። ሁሉም ግን ሰው ይጠይቃሉ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማን የቱን እንደሚሠራ ቀድሞ የወሰነ ሰው ይጠይቃሉ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚለው ተረት እንደ ዜሮ ክፍል በትክክል የሚሠራበት ቦታ የለም። ጎበዟን መምህርት ብቻዋን ከማስቀመጥ መካከለኛ መምህርትና አንዲት ረዳት ይሻላሉ።

ረዳት ከየት ይምጣ፣ ገንዘቡስ? ለዚህ ጥያቄ መልሱ ከዚሁ አካባቢ አለ። ጋይንትና ስማዳ፣ ድሃ ቤተሰቦች በማኅበረሰብ ሥራ ድጋፍ የሚያገኙበት ምርታማ ሴፍቲኔት የተባለው ፕሮግራም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራባቸው ወረዳዎች ናቸው። እናቶች ልጅ አዝለው እርከን ሲሠሩ፣ ድንጋይ ሲያጓጉዙ ዓመታት አልፈዋል። የፕሮግራሙ የአፈጻጸም መመሪያ ግን በሥራው ቦታ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር ይፈቅዳል፤ እንዲያውም ሕፃናቱን የምትጠብቀዋ ሴት ውሎዋ እንደ ማኅበረሰብ ሥራ ይቆጠርላታል። ነፍሰ ጡሮችና ጨቅላ ያላቸው እናቶች ከጉልበት ሥራ ወጥተው ድጋፋቸውን እንዲያገኙ የሚለው ክፍል በብዙ ቦታ ተተግብሯል። ማቆያው ግን በየግምገማው ሲጠየቅ ብዙም የማይገኝ ነገር ሆኖ ኖሯል። ምክንያቱ አሁንም ያው ነው፤ እርከኑን የሚለካ የልማት ሠራተኛ አለ፣ ማቆያውን የሚጠይቅ የለም። ያቺን ለልጅ ጥበቃ የተፈቀደች የሥራ ቀን የወረዳው ግብርናና ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ተነጋግረው ወደ ዜሮ ክፍል ቢያመጧት የረዳቷ ጥያቄ ቢያንስ በሴፍቲኔት ቀበሌዎች ይቃለል ነበር። አዲስ በጀት ሳይሆን አንድ ስብሰባ ነው የሚጠይቀው።

አዲስ አበባ ሌላ መንገድ ሄዳለች። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለቅድመ አንደኛና ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ቁርስና ምሳ ይቀርባል፤ ምግቡን የሚያበስሉት ለዚሁ የተደራጁ እናቶች ናቸው። የፌደራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ደግሞ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን ሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። የዋና ከተማን በጀት ወደ እስቴ አምጡ ማለት ቀልድ ይሆናል። ሊመጣ የሚችለው የሥራ ክፍፍሉ ነው፤ እናት በግቢው ውስጥ ስሟ የታወቀ ሥራ ይዛ ስትገባ መምህርቷ ወደ ማስተማር ትመለሳለች፣ ግቢውም ለሕፃን የሚመች ይሆናል።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ ጦርነቱ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ቀበሌ፣ በዚያ ክረምት ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ በ2018 ዓ.ም. ስድስት ሞላው፤ በአዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ሁለት ዓመት እንዲሆን የተወሰነውን ቅድመ አንደኛ አንድም ቀን ሳያይ። ትምህርት ቤት ሲከፈት እነዚህ ልጆች ከታላላቆቻቸው ጋር አንድ ላይ ይመጣሉ፤ አንደኛ ክፍልም ዕድሜያቸው በተለያየ ልጆች ይጨናነቃል። በቤንሻንጉል ጉሙዝ ተጀምሮ የተስፋፋው፣ ልጆችን አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት በክረምት ሁለት ወር ገደማ የሚያዘጋጀው የተፋጠነ ፕሮግራም ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚሆን ነው። ግን እሱም ቢሆን በር ላይ የሚቀበል፣ ውኃ የሚያመጣ፣ ማን ማንን እንደሚወስድ የሚመዘግብ ሰው ከሌለው በሁለተኛው ሳምንት ይበተናል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ባይ ነኝ። ሰሌዳና ቻርት ከመገዛቱ በፊት በየትምህርት ቤቱ አንድ ሰው የዜሮ ክፍል አስተባባሪ ተብሎ በደብዳቤ ይመደብ፤ የክፍለ ጊዜ ጫናው ይቀነስለት፣ ሱፐርቫይዘሩም ሲመጣ ከስምንተኛ ክፍል ውጤት ጋር የእሱን መዝገብ ይጠይቅ። መዝገቡ ላይ ሦስት ነገር ይበቃል፦ ዛሬ ማን መጣ፣ ረዳቷ ማን ነበረች፣ ልጁን ማን ወሰደው። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ይህን መዝገብ በወር አንዴ ይየው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ለማስመዝገብ ስትሄዱ መጽሐፍ መድረሱን ብቻ አትጠይቁ። መምህርቷ በታመመች ቀን ልጄ ከማን ጋር ይውላል ብላችሁ ጠይቁ፤ የሰው ስም እስኪነገራችሁም ድረስ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ አትውጡ።