በፒኤችፒ ከፈንክሽን ውጭ ያለ ዋጋ ለምን ውስጥ አይታይም?

አንድ ጀማሪ ባለሙያ ለኢንተርኔት መደብር ኮድ ሲጽፍ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምጣኔውን፣ 15 በመቶን፣ በፋይሉ አናት ላይ ያስቀምጣል። ከሥሩ ዋጋ የሚያሰላ ፈንክሽን ይጽፋል። ገጹ ይከፈታል፤ ደረሰኙም ይወጣል። ታክሱ ግን ዜሮ ነው።

ፒኤችፒ እያንዳንዱን ፈንክሽን በሩ እንደተዘጋ ክፍል ይቆጥረዋል። ውጭ የተሰየመ ቫሪያብል 'ግሎባል' በሚለው ቃል በስሙ ካልተጠራ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ፈንክሽኑ በዚያ ስም የሚያገኘው ባዶ ነው፤ ባዶ ደግሞ በስሌት ውስጥ ዜሮ ይሆናል። እአአ በ2020 የወጣው 8ኛው ስሪት ቀድሞ ቀላል ማሳሰቢያ የነበረውን ወደ ማስጠንቀቂያ ከፍ አድርጎታል። ስሌቱ ግን አሁንም አይቆምም፤ አሳሳቢውም ይኸው ነው።

ፓይተን በዚህ ረገድ ላላ ይላል። ውጭ ያለውን ዋጋ ማንበብ ይፈቅዳል፤ ፈንክሽኑ ለዚያው ስም አዲስ ዋጋ ሲሰጥ ግን ስሙ የፈንክሽኑ የግል ይሆናል፤ የውጭው አይነካም።

የፒኤችፒ ጥብቅነት ለጀማሪ አታካች ቢመስልም ቋንቋው የልቅነትን ዋጋ ያውቀዋል። በአንድ ወቅት ተጠቃሚው የላከውን መረጃ በቀጥታ ግሎባል ቫሪያብል ያደርግ ነበር። በድረ ገጹ አድራሻ ላይ ጥቂት ፊደላትን የጨመረ ሰው ኮዱ ያልጠበቀውን ዋጋ ሊያስገባ ይችል ነበር። አሠራሩ እአአ በ2002 በነባሪነት ተዘግቶ በ2012 ጨርሶ ተወገደ።

ለመደብሩ ኮድ የሚበጀው ምጣኔውን ለፈንክሽኑ በግብዓትነት ማቀበል ነው። አለዚያም ኮንስታንት ማድረግ ይቻላል፤ ኮንስታንት በፒኤችፒ በየትኛውም ፈንክሽን ውስጥ ይታያል።