ከምስክርነቱ በኋላ ያለው ማክሰኞ

ስልካችሁን ከፍታችሁ ለአሥር ደቂቃ ጣታችሁን ብታንሸራትቱ አንድ የምስክርነት ቪዲዮ ሳያገኛችሁ አይቀርም። አካሄዱ ይታወቃል። ሰውዬው ይጠጣ ነበር፣ ይቅም ነበር፣ ቤቱን ይበጠብጥ ነበር፤ ወይም ሐኪም ተስፋ ቆርጦበት ነበር። ከዚያ አንድ ሌሊት፣ አንድ ጸሎት፣ አንድ ጠበል። እንባ፣ እልልታ፣ አሜን። ቪዲዮው እዚያ ላይ ይቆማል።

እኔን ሁሌ የሚያጓጓኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰውዬው በማግስቱ ምን ሠራ? በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ማንም በማይቀርጸውና ማንም ላይክ በማያደርግለት ቀን እንዴት ዋለ?

ይህን ለመጠየቅ ከእንጦጦ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የብዙዎቻችሁ እንጦጦ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ነው፤ ቡና፣ ብስክሌት፣ ፎቶ። ከየካ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ቀና ብሎ ጋራውን ሲያየው ለኖረ ሰው ግን እንጦጦ ከፓርኩ በፊት የጠበል አገር ነው። በነገራችን ላይ ከተማችን ራሷ ውሃ ፍለጋ ከዚያ ጋራ የወረደች ናት። ምኒልክና ጣይቱ እንጦጦ ላይ ከትመው ሳለ እቴጌ የፍልውሃን ሙቅ ውሃ ወደዱት፤ አዲስ አበባም ተቆረቆረች። ቤተ መንግሥቱ ለፍልውሃ ወረደ፣ ሕመምተኛው ለጠበል ይወጣል።

በ1990ዎቹ ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል ይወጡ ከነበሩት መካከል ብዙዎቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸው ነበሩ። ያኔ "ፖዘቲቭ" መባል ማለት ከሞቱ በፊት ሌላ ሞት ነበር። አከራይ ቤት ልቀቅ ይላል፣ ዘመድ ብርጭቆ ይለያል፣ ጓደኛ መንገድ ይቀይራል። ስለዚህ ሰዉ ጋራው ላይ ክፍል እየተከራየ ለወራት፣ አንዳንዱም ለዓመታት እዚያው ኖረ። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል። ገና ሳይነጋ፣ በዚያ ብርድ፣ ልብስ አውልቆ ቀዝቃዛ ጠበል ውስጥ መግባት ቀልድ አይደለም።

ይህ ነገር ሲወራ ሁሌ "ፈውስ ፍለጋ" ተብሎ ብቻ ይታለፋል። እኔ ግን መለወጥ ነው የምለው። በኦርቶዶክሱ ቤት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ስለምትጠመቅ "ዛሬ ክርስቲያን ሆንኩ" የሚል አዋቂ እምብዛም አይገኝም። መለወጡ የሚመጣው በንስሐ በኩል ነው። ለዓመታት የቤተ ክርስቲያን ደጅ ያልረገጠ ሰው የንስሐ አባት ይይዛል፣ ቀኖና ይቀበላል፣ ይጾማል፣ ይሰግዳል፣ የበደለውን ሰው ይቅርታ ይጠይቃል። ወንጌላውያኑ "ጌታን ተቀበልኩ" ሲሉ መንገዱ ይለያል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። እስከ ዛሬ ለምን ኖርኩ? ከእንግዲህስ ለምን ልኑር?

ጥያቄው የሞት ሽረት የሆነው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት ጀመረ። ጋራው ላይ ግን "መድኃኒት ከወሰድክ አላመንክም ማለት ነው" የሚል ድምፅ ነበር፤ የሰማውም አልጠፋም። አንዳንዱ ኪኒኑን ትቶ ጠበሉን ብቻ ያዘ። የመድኃኒቱ ጠባይ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ቫይረሱን እንዳይራባ ያደርገዋል እንጂ ነቅሎ አያጠፋውም። ስለዚህ በየቀኑ፣ በሰዓቱ፣ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። ሲያቋርጡት ቫይረሱ ተመልሶ ይነሳል፣ መድኃኒቱንም ሊላመደው ይችላል። ሳያዛንፍ የሚወስድ ሰው ግን ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ሊወርድለት ይችላል፤ እዚያ ደረጃ ላይ እስከቆየ ድረስም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል።

በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በአደባባይ ተናገሩ። አጭር ነገር ናት። ለእኔ ግን በዚያ ዘመን ከተሰበኩት ስብከቶች ሁሉ ትበልጥብኛለች። ጋራው ላይ ላለ ሕመምተኛ ከሁለት አንዱን ምረጥ ይባል የነበረውን ሸክም አወረደችለታ!

ማክሰኞ የምለው እንግዲህ ይህንን ነው። እኔ ተአምር የለም አልልም። ግን "እግዚአብሔር ሕይወቴን መልሶልኛል" ብሎ የሚያምን ሰው፣ የተመለሰለትን ሕይወት በየማለዳው መጠበቅ አለበት። የስልክ አላርም ሲጮህ አማትቦ ኪኒን መዋጥ ለቪዲዮ አያምርም። እልልታ የለውም። ዓመቱን ሙሉ፣ በየቀኑ ያው ነው። ዛሬም "መድኃኒቴን ጣልኩ" የሚል ምስክርነት ስልካችሁ ላይ ሲመጣ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት፣ ያንን ቪዲዮ ከፍቶ የሚያይ፣ ኪኒኑ ትራሱ ሥር ያለ አንድ ልጅ እንዳለ አስቡት እስቲ።

አባቶች ይህን የማክሰኞ ነገር ከጥንት ያውቁታል። ሰኔ 24 የምናስበው ሙሴ ጸሊም የወንበዴዎች አለቃ ነበር፤ ኋላ በግብፅ በረሃ መነኮሰ። ፊልም ሠሪ ቢያገኘው የሚቀርጸው ሰይፍ የጣለበትን ቀን ነው። እኔ ከታሪኩ የምወደው ግን ሌላውን ነው። ሙሴ ሌሊት ሌሊት እየተነሳ፣ ውሃ መቅዳት ያቃታቸውን የሽማግሌ መነኮሳት እንስራ ይሰበስብና ሩቅ ሄዶ ሞልቶ በየደጃቸው ያስቀምጥላቸው ነበር ይባላል። ያ መንገደኛ ሲዘርፍበት የነበረ ጉልበት ውሃ ለመቅዳት ዋለ። እንጦጦም ብትሄዱ ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ መራመድ ላቃተው ጠበል የሚያደርስ ሰው አታጡም። ስሙን የሚጠይቀው የለም።

ጋራው ላይ ሌላም ታሪክ አለ። ለጠበል መጥተው እዚያው ከቀሩት ሴቶች ብዙዎቹ ዳኑም አልዳኑም መብላት ነበረባቸው። እንጦጦ ላይ ለድሃ ሴት የነበረው ሥራ ደግሞ በአብዛኛው ቅጠልና ጭራሮ በጀርባ አዝሎ ቁልቁል መውረድ ነው፤ በሽታ ላደከመው ወገብ የማይሆን ሥራ። ከቤዛ ኢንተርናሽናል ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ አገልግሎት ወደ እነዚህ ሴቶች ወጣና የጌጣጌጥ ሥራ ተጀመረ። ልብ በሉ፣ ቤዛ የወንጌላውያን ቤት ነው፤ ሴቶቹ ደግሞ የመጡት ለማርያም ጠበል።

አገራችን ውስጥ እርዳታና ሃይማኖት በተገናኙበት ሁሉ "በዱቄት ቀየሯቸው" የሚል ሐሜት አይጠፋም። ሐሜቱን አላቃልለውም፤ የራበውን ሰው ነፍስ መግዛት ነውር ነው። ለዚህ ነው ከዱቄቱ ይልቅ ሥራው የሚሻለኝ። በገዛ እጇ ሠርታ የምታድር ሴት ወደየትኛው ደጅ እንደምትሄድ ራሷ ትወስናለች። ማተቧን ማሰር ብትፈልግ ታስራለች፣ ሌላ ቤት ማምለክ ብትፈልግም ታመልካለች።

የዶቃው ነገር ደግሞ ይገርማል። ዶቃው የሚሠራው ካለፉት ጦርነቶች ከተረፈ የጥይት ቀለሃ ነው። ቀለሃው ይቀልጣል፣ ትንንሽ ዶቃ ይወጣዋል፣ ሴቶቹ በክር እየሰኩ የአንገትና የእጅ ጌጥ ያደርጉታል። አሜሪካ ድረስ ተሸጧል። የማን ጥይት እንደነበረ፣ ማን ላይ እንደተተኮሰ የሚያውቅ የለም። ሴትየዋ አንድ አንዱን እያነሳች ክር ታስገባበታለች። አላርሙ ሲጮህ አስቀምጣው ኪኒኗን ትውጣለች፤ ከዚያ ካቆመችበት ትቀጥላለች።